መውጫ በር

እንጀራዬ በር ነው።
የሙንስተር ማዘጋጃ ቤት ሜትርና ደብተር አሲዞ
ቲያትር ቤት፣ ጸሎት ቤት፣ ጭፈራ ቤት ያዞረኛል፤
የትም ብገባ ጥያቄዬ አንድ ነው፦
እሳት ቢነሳ ሰው በየት ይወጣል?
በሩስ ወደ ውጭ ይከፈታል?

ሰኞ፣ በኅዳር ካፊያ፣ ወደ አዲሶቹ ተላክሁ።
ምንጣፍ መሸጫ ነበር አዳራሻቸው፣
የሙጫው ሽታ አልለቀቀም ከግድግዳቸው፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው ሃይማኖታቸው፣
የበኩር ልጄ ይበልጠዋል።
"ብሎን ሳይቀር ቁጠር" ብሎኛል አለቃዬ ቴመ፣
"ስለነዚህ ሰው ያማርራል።"

ቆጠርኩ። መቶ አርባ ወንበር። አንድ የሞተ ጢስ ጠቋሚ።
የኋላው በር ቁልፍ ባንድ ሰው አንገት ላይ።
"አባታችን" ይሉታል፤ አርባ ዓመት አይሞላው፤
ክሩን እያሻሸ፣ ለስለስ አድርጎ፣
"መውጣት የሚፈልግ የለም እኮ" አለኝ።
ስድስት ጥፋት ጻፍኩ። ቀዩን ማኅተም ስመታው፣
አልዋሽም፣ ድምፁ ጣመኝ።

ማክሰኞ ወደ ነባሩ፣ ወንዝ ማዶ። ስሙን አልጽፍም።
ገና ደፉን ስረግጥ ባርኔጣዬ እጄ ላይ ነበር፤
ማን አውልቅ አለኝ? ማንም።
የሰሜኑ በር በብረት ተወርውሯል።
"ከመቼ ወዲህ?" ብለው ቁልፍ ያዡ ሳቀ፦
"ካያቴ አያት ወዲህ! ቁልፉም በዚያው ዝጎ አለቀ።"
ስምንት ጥፋት ጻፍኩ።
ቴመ መነጽሩን አወለቀ፤
"ይሄማ ቅርስ ነው" ብሎ በእርሳስ ሰረዘ፤
ስድስቱ ግን በቀለም ቀሩ።

ቴመም ሞኝ አይደለም።
"ያረጀ ቤት ስንጥቁ ይታወቃል" ይላል፣
"አዲሱን ግን ገና ማን ተደግፎ አየው?"
መልስ አጣሁለት። እውነት አለው፣ ግማሽ።
እኛ ዘንድ "ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል" ይባላል፤
ምሳሩን ይዤ የዞርኩት ግን እኔ ነኝ።

ምሳ ሰዓት ላምበርት ቤተ ክርስቲያን ሥር እቀመጣለሁ።
ከግንቡ ሰዓት በላይ ሦስት የብረት ቀፎ ተሰቅሏል፣
ማር የሌለው፣ ወደ አምስት መቶ ዓመቱ።
ያኔ አዲስ የነበሩ፣ መንግሥተ ሰማይ እዚህ ናት ብለው
ከተማዋን የዘጉ፣ በሰይፍ የገዙ፣
ሬሳቸው እዚያ በሰበሰ።
ሰይፋቸው ውሸት አልነበረም።
የነባሮቹ ጉጠትም፣ በፍም የጋለው፣ ውሸት አልነበረም።
አጥንቱ አልቋል። ቀፎው አለ፤
ርግብ ያርፍበታል፣ ጎብኚ ፎቶ ያነሳዋል።

አግዳሚው ላይ ሁለት ሰው፣ አንድ ዣንጥላ ሥር።
ወይዘሮ ሄድቪግ፦ ልጇ ምንጣፍ ቤቱ ከገባች
ሦስት ገና አለፈ፣ አልደወለች፤
ደመወዟም እዚያው ይቀራል።
ሽማግሌው ክሌመንስ፦ ዱሮ ሕፃን ዘማሪ የነበረ፤
ደወል ሲጀምር ኮፍያውን እስከ ጆሮው ይስባል።
"ያንተዎቹ እንኳ የታወቁ ናቸው" አለችው።
"ለዚያ እኮ ነው" አለ፣
"ስናገር ያላመኑኝ።"

ደወሉ እስኪያልቅ ዝም አሉ።
ከዚያ እሷ፣ ዣንጥላውን ወደሱ አዘንብላ፣
"የኔዎቹን ሁሉም ጠርጥሯል፤
ጥርጣሬው ግን ልጄን አላወጣልኝ፤
በተሰደቡ ቁጥር አንድ ቁልፍ ይደርባሉ።"

ቢሮ ገብቼ አዲስ ቅጽ አወጣሁ።
ሦስተኛው መስመር "የተቋሙ ዕድሜ" ይላል።
ባዶውን ተውኩት።
እሳት ልደት አይጠይቅም፤
የእንግዳውን ቤት በልቶ የአድባሩን አይምርም፤
ቁልፍ የዘጋው በር፣ ዝገት የዘጋው በር፣
ከውስጥ ለሚገፋ እጅ ያው ብረት ነው።
አሥራ አራቱንም በቀለም ጻፍኩ።

ከግድግዳው ማዶ ይሰማኛል፦
ቴመ እርሳሱን ይቀርጻል።